ዳቦውን ማን ይቆርሰዋል

አዳማ፣ ግንቦት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ታጠቅ፣

እንዴት ነህልኝ? የመተሃራ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኔ አክስትህ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ፤ የእኔማ ጭራሹን ከቤት ወጥቶ ቀረ። ስትደውል ደራርቱ ከጎረቤት ሮጣ መጥታ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትደቅነዋለች፤ እኔ የምሰማው ወፍጮ ቤት የገባሁ ያህል ጉርምርምታ ብቻ ነው። በደብዳቤ ይሻለናል ማለትህ ልክ ነው። ነገሪ ሚኒባሱን በእናንተ መንገድ እስከነዳ ድረስ ፖስታ ቤትም አያስፈልገን።

ልብስህንና መፍቻዎችህን ላኪልኝ ባልከው መሠረት ልኬልሃለሁ። መፍቻዎቹን ለማምጣት ጋራዡ ድረስ ሄጄ ነበር። ጋሽ ማስረሻ ራሳቸው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄን ምን አስቀየምኩት?» አሉኝ፣ ጆሮዬ ሥር ጮክ ብለው። አባትህ ከሞተ ጀምሮ እጅህን ይዘው ሙያ ያስተማሩህ ሰው ናቸው። ባሌ ካረፈ ወዲህ በየዓመት በዓሉ እዚህ ቤት መጥተው ዳቦ የሚቆርሱልን እሳቸው ናቸው። እንደዚያ ያለ ሰው ጥለህ፣ ሳትሰናበት፣ አስፋልት ዳር ጎሚስታ ሆነህ የሰው ጎማ ስትለጥፍ ትውላለህ? ምን ነክቶህ ነው?

በሩ ላይ ያሰርክልኝ ገመድ አሁንም አለ። ሰው ሲያንኳኳ ስለማልሰማ ገመዱ ሲሳብ የሳሎኑ መጋረጃ እንዲነቃነቅ አድርገህ የሠራኸው። አንተ ሁለቴ ትስበው ነበር፤ ታጠቅ መጣ እል ነበር። አሁን የሚስበው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው፣ እሱም አንዴ ስቦ ይሄዳል። እኔ ግን መጋረጃውን ማየት አልተውኩም።

እንግዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ብዙ ከረምኩ። የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ይመጣልሃል። ጎረቤታችን አቶ ኑዕማን አሉበት፣ ያስተማሩህ መምህር ኢፋ አሉበት። ጋሽ ማስረሻም አብረው ይመጣሉ። ጥሉ ከእሳቸው ጋር ከሆነ ሽማግሌ ሆነው መሄዳቸው ደንብ አይደለም ብዬ ነበር። «ግድ የለም፣ ተበዳይ ብሆንም ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ» አሉ። ትልቅነት ማለት ይሄ ነው። አንተም ተነስተህ ጉልበታቸውን ሳምና ነገሩ ይለቅ።

አክስትህ የሺዓለም

* * *

መተሃራ፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታባዬ፣

ልብሱም መፍቻውም ደርሶኛል። መፍቻዎቹን ከጨርቁ አልፈታሁም፣ ለጊዜው ከጎረቤት እየተዋስኩ እሠራለሁ።

ለጠየቅሽኝ፦ ገንዘብ አላጠፋሁም። ሴትም አላስኮበለለችኝም። ከሰውም አልተጣላሁም። እባክሽ ሽማግሌ አትላኪ። መላክሽ ካልቀረ ማንንም ላኪ፣ ጋሽ ማስረሻን ግን አትላኪ። ምክንያቱን ደግሞ አትጠይቂኝ። ይህን ከእሑድ በፊት እንዲያደርስልሽ ለነገሪ አደራ ብዬዋለሁ።

ታጠቅ

* * *

አዳማ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ታጠቅ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ሰኞ ነው። ነገሪ ወለንጪቲ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ከርሞ፣ «አካም ጅርቱ፣ እማማ» እያለ በኦሮምኛ ሰላም ብሎኝ እየሳቀ አመጣው። ሽማግሌዎቹ ሄደው ከተመለሱ በኋላ መሆኑ ነው።

ምን እንዳሉኝ ልንገርህ። ቤትህ ክፍት ነው፣ የሰው ጎማ ግማሹ ተፈትቶ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ አንተ የለህም። ከመኪና ሲወርዱ አይተህ በበሰቃ ሐይቅ ዳር እንደ ሌባ ስትሮጥ ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ አይታሃለች። በዚያ ሙቀት እስኪመሽ ጠበቁህ። መምህር ኢፋ ከዘራቸውን ይዘው ጥላ ፍለጋ ሲዞሩ እንደዋሉ አቶ ኑዕማን ነገሩኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ምናለበት አልኩ። ሽማግሌ ረግጦ የሄደ ሰው በዘራችን አልነበረም።

ጋሽ ማስረሻ ግን አልተቆጡም። ሲመለሱ እዚህ ገቡ፣ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጠው እራታቸውን በሉ፣ «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጅ ነው» ብለውኝ ሄዱ። ይቅር የተባልከው ምን አድርገህ ነው? እሳቸውም አይናገሩ፣ አንተም አትናገር፤ መሐል ቤት የምቃጠለው እኔ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ይባላል። ምክንያት ካለህ ከሥሩ ጻፍልኝ። ከሌለህ ግን ሁለተኛ አትጻፍልኝ።

የሺዓለም

* * *

መተሃራ፣ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታባ፣

እየጀመርኩ እየተውኩት ነው የሰነበትኩት። ይህን በስልክ ልነግርሽ አልችልም ነበር። ላንቺ መንገር ማለት መጮህ ነው፤ ይህን ደግሞ ጮሆ የሚናገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ደራርቱ እንዳታነብልሽ።

በጥር ወር ከእሱ ጋር ለዕቃ ግዢ መንገድ ወጥተን ነበር። ታስታውሺያለሽ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥረሽልን ነበር። የሄድንበት ከተማ ገበያ ቀን ስለነበር አልጋ ጠፋ። ባለ አንድ አልጋ ክፍል ብቻ ተገኘ። አከራዩ «አባትና ልጅ አይደላችሁ፣ ምን ችግር አለው» አለ። እኔም ምን ችግር አለው ብዬ ነው የገባሁት። ከአጎቶቼ ጋር፣ ከእንግዳ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስተኛ ነው ያደግሁት። እንግዳ ብቻውን አይተኛም ብለሽ ስንቴ አስተኝተሽኛል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ደፈረኝ።

ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት። ሌላ ቃል ብዙ ፈልጌለት ነበር፣ አጣሁ። በሴት ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ በደል መሆኑን ያውቃል፣ ያለቅስላታል ወይም ቢያንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራዋል። በወንድ ላይ ደረሰ ሲባል ጋራዥ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ ብቻ ነው። ሌላውን ዝርዝር አልጽፍልሽም።

ጠዋት ቁርስ አዘዘልኝ። «ምን ሆነሃል፣ ብላ እንጂ» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። እኔም በላሁ፣ እታባ። ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ነው፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንቁላል በዳቦ መብላቴን። ከዚያም በኋላ እስከ ግንቦት አብሬው ሠራሁ። «ለዕቃ እንደገና እንሄዳለን» ባለኝ ማግሥት ነው የወጣሁት።

እሑድ ዕለት ከመኪና ሲወርድ ሳየው እግሬ እንዴት እንደሮጠ አላውቅም። መምህር ኢፋንና አቶ ኑዕማንን ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ እነሱን አልረገጥኩም።

ምክንያት ጠይቀሽኝ ነበር፣ ይኸው። ብታምኚኝም ባታምኚኝም ከዚህ ሌላ የለኝም።

ታጠቅ

* * *

አዳማ፣ ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። የጣድኩት ሽሮ አሮ ቤቱ በጭስ እስኪሞላ ድረስ ያለሁበትን አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣኝ። አንተ የአይሱዙ ጎማ ብቻህን የምታነሳ ልጅ ነህ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስኳርም አለባቸው። እንዴት ገፍተህ አልጣልካቸውም? ጉልበትህ የት ሄደ? መጠጥ ቀምሳችሁ ነበር ወይ? ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ዳቦ የቆረሱ ሰው ናቸው፣ አእምሮዬ እንቢ እያለኝ ነው።

ጠበል ብንሄድስ? አንድ ሱባዔ ብትገባ ይታጠብልህ ይሆናል። ለሰው ግን ትንፍሽ እንዳትል፣ መሳቂያ ያደርጉሃል።

አክስትህ

* * *

መተሃራ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታባ፣

መጠጥ አልቀመስንም። ጎማ የማነሳበት እጄ ያን ጊዜ አልታዘዘኝም። ደረቅሁ። አንገቴን ማዞር እንኳ አቃተኝ። ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት፤ ካንቺ ግን ሌላ ጥያቄ ጠብቄ ነበር። እንዴት ነህ ብትይኝ ይበቃኝ ነበር።

እዚህ የሚያውቀኝ የለም። ከጅቡቲ የሚመለሱ ሾፌሮች ጎማ ያስነፋሉ፣ ይሄዳሉ። ትከሻዬን መታ ሲያደርጉኝ ስለምደነግጥ «ይሄ ልጅ ኩራተኛ ነው» ይሉኛል። ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ። ባለፈው ሳምንት ናፍቀሽኝ የነገሪ መኪና ላይ ተሳፍሬ ነበር። ወለንጪቲ ስንደርስ እሱ የተቀመጠበት ወንበሬ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ወርጄ ተመለስኩ።

ለሰው ትንፍሽ አትበል ብለሻል። እሺ። ላንቺም አልጽፍም፣ አንቺም አትድከሚ።

ታጠቅ

* * *

አዳማ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ታጠቅ ልጄ፣

አትጻፊ ብትለኝም እጽፋለሁ፣ ግትርነቴን ታውቀዋለህ። አምንሃለሁ። ሁሉንም አምንሃለሁ። እንዴት ነህ፣ ልጄ? ትተኛለህ? ትበላለህ?

ያን መልስህን ካነበብኩ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ግፊቴን የምትለካልኝ ሲስተር ፍሬሕይወት ጋ። ስምህን አልጠራሁም፣ ሰፈርህንም አላነሳሁም። «አንድ ወንድ ልጅ አውቃለሁ» ብዬ ጀመርኩ። እኔ ደግሞ ራሴን ስለማልሰማው ድምፄን መመጠን አላውቅም፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ብልህ ናት። ተነስታ በሩን ዘጋች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀመጠች። እንደ ፈተና ቀን ተማሪ እየተቀባበልን ጻፍን። ስንጨርስ ወረቀቱን ቦጫጭቃ ጣለችው።

ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ይደርቃል ብላ ጻፈችልኝ። ጉልበተኛም ይደርቃል፣ ወታደርም ይደርቃል፣ መድረቅ ግን እሺ ማለት አይደለም። ወንዶችም ይደፈራሉ፤ ወደ እኛ ሲመጡ ግን ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ ነው እያሉ ነው የሚመጡት አለች። ያደረገባቸው የሚያከብሩት ሰው ሲሆን አፋቸው ይበልጥ ይታሰራል፣ በማግሥቱ ምንም እንዳልሆነ ሆነው አብረው ይውላሉ። እንቁላሉ ትዝ አለኝ። አንተ ያን ጠዋት የበላኸው ሌላ የምታደርገው ስለጠፋህ ነው፣ ልጄ። ለራስህ ይቅር የምትለው ነገር የለህም።

ከዚያ «ልጁ ሲነግርሽ መጀመሪያ ምን አልሽው?» ብላ ጻፈች። ጉልበትህ የት ሄደ አልኩት ብዬ ለመጻፍ እጄ አፈረ። የእሱን ነውር መጠየቅ ሲገባኝ ያንተን ጉልበት ጠየቅሁ። ይቅር በለኝ።

ቤት ስመለስ ዘነዘናዬን አንስቼ ጋራዡ ድረስ ልሄድ ነበር። እግዜር ያሳይህ፣ ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ደርሻለሁ። እዚያ ቆሜ ልጅቷ በመጨረሻ የጻፈችልኝ ትዝ አለኝ። «ያለፈቃዱ ተደርጎበታል፤ አሁን ደግሞ አንቺ ያለፈቃዱ ምንም እንዳታደርጊ» ብላኝ ነበር። ተመለስኩና ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ አስቀመጥኩ። እስኪመሽ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ ንገረኝ፣ ለማን ይነገር? ፖሊስ ጋ እንሂድ ካልክ ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊትህ እሄዳለሁ። አይሆንም ካልክ እዚሁ ሆዴ ውስጥ ይቀመጣል። ቀኑ ቢያልፍም ምርመራ ይደረግ ብላለች። እሷ ጋ መምጣት ከፈለግህ በሩ ክፍት ነው፣ ካልፈለግህ እዚያው አቅራቢያህ ታይ። ጠበሉን ያነሳሁት ቆሽሸሃል ለማለት አልነበረም፤ አልቆሸሽክም።

ለእንቁጣጣሽ ና። ዶሮውን ለሁለት ሰው ነው የማስበው።

አክስትህ የሺ

* * *

መተሃራ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታባዬ፣

እንዴት ነሽ? ደብዳቤሽን ስቀበል ሳላነበው ኪሴ ከትቼው ከረምኩ። ሌላ ጥያቄ ያለበት መስሎኝ ነበር። ሳነበው ጎማቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ቤቱን ዘግቼ ወደ ሐይቁ ሄድኩ። እዚያ ሰው ስለሌለ እንደ ልብ አለቀስኩ።

ለጠየቅሽኝ በየተራ ልመልስ። ምርመራውን አድርጌያለሁ፣ ከበሽታ ነፃ ነኝ። ያየኝ ሐኪም ወንድ ነበር፤ በሩ ገርበብ ይበል ስለው ለምን አላለኝም። እንቅልፍ ገና ነው። መብራት አብርቼ፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ትንሽ አሸልባለሁ። ፖሊስ ጋ ዛሬ አልሄድም። አንድ ቀን እሄድ ይሆናል፣ ያን ቀን ነጠላሽን እንድታጣፊ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ለማንም አትናገሪ። አዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ እንደሆነ ግን ጠይቀሽ አሳውቂኝ፣ እንቅልፍ ከሚነሳኝ አንዱ እሱ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ና ብለሻል። መምጣት እፈልጋለሁ። ግን እሱ ዳቦ ሊቆርስ ይመጣል። ቢላውን ይዞ ሲመርቅ፣ እናንተ አሜን ስትሉ ይታየኛል። ከልክዪው አልልሽም። ሰው ለምን ይልሻል፣ መልሱ ደግሞ እኔ ነኝ። ብቻ እሱ ዳቦ የሚቆርስበት ቤት ቤቴ ነው ማለት ከበደኝ። መተሃራ ላይም ቤት የለኝም። በዓሉን እዚሁ እውላለሁ፣ ዶሮውን ለአንድ ሰው አስቢው።

ታጠቅ

* * *

አዳማ፣ መስከረም 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ።

ስለ ሠራተኛው ጠይቄያለሁ። ከወንድሙ ልጅ በቀር ማንም አብሮት የለም፣ እሱም ማታ እናቱ ጋ ይገባል። ዓይኔን ከጋራዡ አላነሳም።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ። ድፎውን ጋግሬ አውጥቼ፣ ሰው መጠበቅ ጀመርኩ። አቶ ኑዕማን እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ መጡ፣ መምህር ኢፋ መጡ፣ ደራርቱ ቄጠማውን ጎዘጎዘችልኝ። መጋረጃው ተነቃነቀ። መቼም ሰው ሞኝ ነው፣ አንተ ነህ ብዬ ሮጥኩ። ሰውዬው ነው፣ ነጭ በነጭ ለብሶ።

ከበር ልመልሰው አስቤ ነበር። ነገር ግን ከበር ብመልሰው ነገሩ የእኔና የሱ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ቦታ ሌላ አድርጎ ያወራዋል። አስገባሁት። እንደ ልማዱ ወደ አንተ ወንበር ሄደ። እኔ ቀድሜ ነጠላዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ዳቦው ቀረበ። ተነስቶ ቆመና እጁን ለቢላው ዘረጋ። ቢላው በእኔ እጅ ነው። ሴት፣ ወንድ ቆሞ፣ ዳቦ ስትቆርስ በዚህ ሰፈር አልታየም፤ እኔም አይቼ አላውቅም። አማትቤ፣ «ዓመት ዓመት ያድርሰን፣ የራቀውን ያቅርብልን» ብዬ ቆረስኩት። እጄ አልለመደውምና ቅርፊቱ ጠማማ ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለብቻ አስቀመጥኩና ድምፄን ሳልመጥን ተናገርኩ።

«ይሄ የታጠቅ ነው። የዚህ ቤት ሰው እሱ ነው።»

ከዚያ ለአቶ ኑዕማን ሰጠሁ፣ ለመምህር ኢፋ ሰጠሁ፣ ለደራርቱ ሰጠሁ፣ ለራሴ ወሰድኩ። ለሱ አልሰጠሁትም። እጁ እንደተዘረጋ ነበር። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የሆነ ነገር ይለኛል። «አልሰማሁም» አልኩት። ደግሞ ተናገረ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር። «አልሰማሁም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ዕድሜ ልኬን ያማረርኩት ጆሮ ትናንት ውለታ ዋለልኝ። ሰዉ ሁሉ ዳቦውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ወጣ። እስከ በር አልሸኘሁትም።

ምስጢርህን አልነካሁም፣ የነገሩ ስም አልተነሳም። ደራርቱ ምን አድርጎሽ ነው ስትለኝ እሷንም አልሰማኋትም። መምህር ኢፋ ሲወጡ እጄን ይዘው ቆይተው ለቀቁኝ፤ ምን እንደገባቸው አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። ዛሬ ሰፈሩ «የሺዓለም ጃጀች» እያለ ነው አሉ። ይበል፣ እኔ እንደሆን አልሰማቸው።

ቁራሽህን በነገሪ ልኬልሃለሁ። በጋዜጣ ነው የጠቀለልኩት፣ ቀለሙ የነካውን ቅርፊት ላጥና ብላው። ዳቦ የሚቆርስ ሰው ከእንግዲህ እኔ ነኝ፣ እኔ ስደክም ደግሞ አንተ ነህ። ቤትህ መሆኑን እንጃ ያልከኝን እንዳትደግመው።

አክስትህ የሺ

* * *

መተሃራ፣ መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታባዬ፣

ዳቦው ደርሶኛል። መንገድ ላይ ደርቋል፣ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ በላሁት። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ የማን ዳቦ ነው አለችኝ፣ የቤቴ አልኳት። ትንሽ ቆርሼ ሰጠኋት።

መፍቻዎቹን ፈታኋቸው። የተጠቀለሉበትን ጨርቅ ከአሮጌ ጎማ ጋር አቃጠልኩት። አሥራ ሦስት ቁጥሯ የለችም፣ ያቺ እዚያው ጋራዡ ቀርታ ይሆናል።

ጤናዬን ጠይቀሽኝ ነበር። አሁንም ከኋላዬ ሰው ሲመጣ እደነግጣለሁ፣ አሁንም በመብራት ነው የምተኛው። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ለደመራ ዕለት ልመጣ አስቤያለሁ። ነገሪ በር አጠገብ ያለውን ወንበር እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ። ወለንጪቲ ላይ ወርጄ ብመለስ አትዘኚብኝ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እሞክራለሁ። ከመጣሁ ሳሎን ብቻዬን ልተኛ፤ ለበዓል እንግዳ ቢመጣ እኔ ጋ አታስተኚብኝ።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ፊት ለፊት ተቀመጪልኝ። አንዴ ከተነቃነቀ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው፣ አትነሺ። እኔ ሁለቴ ነው የምስበው።

ልጅሽ ታጠቅ